የራስ ቅል ምልክት ስላለበት የእሳት እራት

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከእናንተ መካከል አንዱ የመሥሪያ ቤቱን የጉዞ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ የውሎ አበሉን በኪሱ ከትቶ፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ምዕራብ ጎጃም ይሄዳል እንበል። ጊዜው መስከረም አልፎ ጥቅምት የገባበት፣ አደይ አበባም ከየሜዳው ገና ረግፎ ያላለቀበት ነው። መንገደኛችን የዓባይን በረሓ ተሻግሮ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ፣ ወደ ማታ ከፍኖተ ሰላም ይደርሳል። እራቱን ከበላ በኋላ ለነገው ስብሰባ የሚያስፈልገውን ዶሴ ይዞ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ከጨለማው ውስጥ የሌሊት ወፍ የሚያህል ነገር ተወርውሮ ይመጣና አምፑሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከመታ በኋላ ከተከፈተው ዶሴ ላይ ዱብ ይላል።

መንገደኛችን ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ከእንግዳው ጀርባ ላይ የሰው የራስ ቅል ያያል። ሁለቱ የዓይን ጉድጓዶች ጥቁር ሆነው፣ የመንጋጋው አጥንት ጭምር ሳይቀር፣ አንድ ሠዓሊ በጥንቃቄ የሣለው ይመስላል። ደንግጦ በወረቀት ጫፍ ገፋ ሊያደርገው ቢሞክር ደግሞ ያ ፍጥረት እንደ አይጥ ጭጭ ብሎ ይጮኻል። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ በዚያ ወንበር ላይ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ያማትብና ጫማውን ያነሣል። እኔም ዛሬ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ጫማው ከመውረዱ በፊት ስለዚህ ፍጥረት ጥቂት ነገር ለመናገር ነው።

በአማርኛችን በሌሊት እየበረረ ወደ መብራት የሚመጣውን በራሪ ሁሉ የእሳት እራት እንለዋለን። ስሙ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በአሟሟቱ የተሰጠ ስም ስለ ሆነ ስለ አኗኗሩ ምንም አይነግረንም። ከኵራዝ ነበልባል ገብቶ የሚቃጠለውን እናያለን እንጂ ከዚያ በፊት ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚበላ፣ ልጅነቱን የት እንዳሳለፈ የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን። የእሳት እራት የምንላቸው ፍጥረታት ደግሞ ወገናቸው እጅግ ብዙ ነው። ከእነርሱም ውስጥ ሰውነታቸው ወፍራም፣ ክንፋቸው ጠባብና ረዥም፣ በረራቸውም እንደ ጭልፊት ፈጣን የሆነ አንድ ቤተ ሰብ አለ። እንግሊዞች በዚህ በረራቸው ምክንያት የጭልፊት ስም ሰጥተዋቸዋል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔ ግን ስማቸውን ያወጣው ከትላቸው ነው፤ ትሉ ሲያርፍ የፊት አካሉን ቀና አድርጎ አንገቱን ደፋ ስለሚያደርግ በግብፅ በረሓ የተቀመጠውን የስፊንክስ ሐውልት አስታወሰውና «ስፊንክስ» ብሎ ጠራቸው።

ከበረንዳው ላይ የወደቀውን የእኛን እንግዳ የሳይንስ ሰዎች «አኬሮንቲያ አትሮፖስ» ይሉታል። «አትሮፖስ» የሚለውን ስም የሰጠው ይኸው ሊኔ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት የሰውን ዕድሜ ክር የሚፈትሉ፣ የሚለኩና የሚቈርጡ ሦስት እኅትማማች ነበሩ፤ አትሮፖስ መቀሱን የያዘችው ናት። በኋላ የተጨመረለት «አኬሮንቲያ» ደግሞ የሙታን አገር ወንዝ ነው ከተባለው ከአኬሮን የተወሰደ ነው። እንግዲህ ይህን ነፍሳት በክፉ ዓይን ያየው ያልተማረ ሰው ብቻ አለመሆኑን አስተውሉ፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው ስም ሲያወጡለት ከሞት በቀር ሌላ አልታያቸውም። በፈረንሳይ አገር አንዳንድ ሰዎች የክንፉ ብናኝ ከዓይን ቢገባ ያሳውራል ይሉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. የወጣ አንድ ዝነኛ የአሜሪካ የወንጀል ፊልምም የዚህን ነፍሳት ሥዕል በማስታወቂያው ላይ ከሴት አፍ ላይ አሳርፎ ተመልካቹን ሲያስደነግጥበት ኖሯል።

ነገር ግን ፍርሃቱን ወደ ጎን ትተን መልኩን እንመርምር። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህም የአንድ ሰው መዳፍ ስፋት አልፎ የሚሄድ ነው። የፊት ክንፎቹ የጠቈረ ቡናማ መልክ ይዘው በመካከላቸው የተወላገዱ ነጣ ያሉ መሥመሮች ስላሉባቸው ቀን ከዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ ሲያርፍ ከቅርፊቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። የኋላ ክንፎቹ ግን ደማቅ ቢጫ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ጥቁር መቀነትም ታጥቀዋል። ሆዱም እንዲሁ ቢጫና ጥቁር እየተፈራረቀበት፣ በመካከሉ ሰማያዊ መሰል ግራጫ መሥመር ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል። የራስ ቅል የመሰለው ምልክት የሚገኘው በደረቱ ጀርባ፣ ከራሱ በታች ነው። እርሱም የጠጕርና የቅርፊት ቀለም እንጂ ሌላ ተአምር የለበትም። የእኛ ዓይን ከደመናም፣ ከድንጋይም፣ ከግድግዳ ርጥበትም የሰው ፊት ማውጣት የለመደ ነውና ከዚያም ላይ ፊት አገኘ።

ሌላውም ነገር መታወቅ አለበት፤ ይህ ፍጥረት አይናደፍም፣ አይነክስም፣ መርዝም የለውም። የሚጮኸው ስለሚፈራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ትውልዱ እንግባ። እንስቲቱ በሌሊት እየዞረች ከቅጠል ሥር እንቍላሏን ትጥላለች። እንቍላሉ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ተለቅ ይላል። የምትጥለውም እንደ ብዙዎቹ ተባዮች በአንድ ቦታ ከምራ ሳይሆን አንድ አንዱን እየለየች፣ ከዚህ ተክል አንድ፣ ከዚያ ተክል ሌላ እያደረገች ነው። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ስለ ገበሬው ጉዳት ስንናገር ያስፈልገናል።

እንቍላሏን የምትጥልባቸው ተክሎች ብዙዎች ቢሆኑም ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የድንችን ዘመዶች ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ትምባሆ፣ እምቧይና አስተናግር ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች መሆናቸውን በአትክልት ትምህርት የተማርን እናውቃለን። ከእነዚህም ሌላ የጠምበለልን፣ የወይራንና የወፍ ቆሎን ወገኖች ትመርጣለች። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመለከት ሰው ይህ ማዕድ በሰፊው ተዘርግቶ ያገኘዋል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 እና 2,000 ሜትር ገደማ የሆነ ለም ወይና ደጋ ነው። በርበሬው ከቡሬና ከወንበርማ ማሳ ተለቅሞ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ድንቹ ደግሞ ከፍ ወዳለው ወደ ሰከላና ወደ ቋሪት ደጋ ሲወጡ ይበዛል። በየአጥሩ ሥር እምቧይ አለ፤ በየቆሻሻ መጣያው ዳር አስተናግር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ድንች የአገራችን ተክል አይደለም፤ ጀርመናዊው የእፅዋት ሊቅ ቪልሔልም ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ነው ይባላል። በርበሬና ቲማቲምም ቢሆኑ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። የእሳት እራታችን ግን የአፍሪቃ ተወላጅ ነው። ታዲያ ድንች ከመምጣቱ በፊት ልጆቹን በምን ያሳድግ ነበር? መልሱ ያው በአጥራችን ሥር የሚገኘው እምቧይ፣ በየጫካው የሚገኘው ወይራና ጠምበለል ነው። እኛ አዲስ እህል ስንተክል እርሱ አዲስ ማዕድ አገኘ፤ ወደ እርሻችን የመጣው እርሱ ሳይሆን እርሻችን ነው ወደ እርሱ የሄደው ለማለት ይቻላል።

ከእንቍላሉ የሚወጣው ትል በመጀመሪያ ቀጭንና ነጣ ያለ፣ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ጥቁር ቀንድ በጅራቱ ላይ የተሸከመ ነው። አራት ጊዜ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል። አየሩ ሞቅ ያለ እንደ ሆነ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጐልምሶ ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና የአውራ ጣት ውፍረት ይደርሳል። መልኩም ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ። ቢጫውና አረንጓዴው በጎናቸው ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የመሰሉ ሰባት አግድም መሥመሮች ስላሏቸው፣ በጥልፍ የተጌጡ ይመስላሉ። በጅራቱ ያለው ቀንድ ሲያድግ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይቈለመማል፤ እሾኻማ ቢመስልም ለስላሳ ነው እንጂ የሚወጋ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ትል ባየ ጊዜ አባጨጓሬ ብሎ ይሸሻል። አባጨጓሬ ግን ጠጕራም ነው፤ የሚያሳክከንም ጠጕሩ ነው። ይህኛው አንድ ጠጕር የለውም። ቢነኩት ግን መንጋጋውን እያጋጨ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ በዚህም አላፊውን ያስፈራራል።

ጊዜው በደረሰ ጊዜ መብሉን ይተዋል፤ መልኩ ይጠቍራል፤ ከተክሉም ወርዶ ለስለስ ያለ አፈር ፍለጋ ይንከራተታል። ከዚያም ከ15 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ቈፍሮ ይገባና የእንቍላል ቅርፅ ያላት ትንሽ ጓዳ ያበጃል። በዚያች ጓዳ የመጨረሻውን ቆዳ ገፍፎ ፑፓ ይሆናል። ፑፓው ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ የተወለወለ የእንጨት ዕቃ የመሰለ፣ ቀይ ቡናማ ነገር ነው። እጅና እግር የለውም፤ አይበላም፤ ነገር ግን በነኩት ጊዜ ሆዱን ያወዛውዛል። ድንች የሚያወጣ ገበሬ በመቈፈሪያው ጫፍ አፈሩን ሲገለብጥ ይህን ነገር አግኝቶ «ምን ይሆን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ይኸው ነው። በአውሮፓም ቢሆን ድንች በእጅ ይለቀም በነበረበት ዘመን ይህን ፑፓ ለነፍሳት ተመራማሪዎች ያመጡላቸው የነበሩት ድንች ቈፋሪዎቹ ነበሩ። ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ብርድ ከሆነም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ማታ ክንፉ የተጨማደደ እርጥብ ፍጥረት አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ከቍጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ደሙን ወደ ክንፉ እየገፋ ይዘረጋዋል፤ ክንፉም ከደረቀ በኋላ ይበርራል።

የዚህን የእሳት እራት ኑሮ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ የሚለየው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከሌሎቹ የዚህ ቤተ ሰብ አባሎች ብዙዎቹ ረዥም ልሳን አላቸው። በአገራችንም በስኳር ድንች ቅጠል ላይ የሚያድገው ዘመዱ ልሳኑ ከገላው ይረዝማል፤ በምሽት ከአበባ ፊት በአየር ላይ ቆሞ ያንን እየሰደደ የአበባ ማር ይቀዳል። በማዳጋስካር ደሴት ደግሞ የአበባ ማሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠ አንድ ነጭ አበባ አለ። ቻርልስ ዳርዊን ይህን አበባ አይቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. «ልሳኑ ይህን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት በዚያ አገር መኖር አለበት» ሲል ጽፎ ብዙዎች ተገርመውበት ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1903 እንዲያ ያለው የእሳት እራት መገኘቱ ታወቀ። የእኛው ባለ ራስ ቅል ግን ልሳኑ አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ የሾለ ነው። ለአበባ አይመችም። የተሠራው የተደፈነ የማር ሰም ለመብሳት ነው።

እንግዲህ ባለ ራስ ቅሉ የማር ሌባ ነው! ጨለማ ሲሆን ወደ ንብ ቀፎ ይመጣል፤ በአፉ በኩል ይገባል፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ባለ መርፌ ዘበኞች በሚመላለሱበት የማር እንጀራ ላይ ተረማምዶ፣ የተደፈነውን ክፍል በልሳኑ በስቶ፣ ማሩን ይመጣል። ጎጃም የማር አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ በጠጅ ቤት የጠጅ ብርሌ ያነሣ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበት የተለሰነው ቀፎ በየገበሬው ቤት ክፈፍ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ዘመናዊው የሣጥን ቀፎም እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ በዚህ አገር ትሉ ከማሳው፣ አባቱ ከቀፎው ይመገባል ማለት ነው።

ንቦቹ ለምን ዝም ይሉታል? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን አስቸግሯቸው ነበር። በቀፎ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ንብ ወዳጅና ጠላቷን የምትለየው በማየት ሳይሆን በማሽተት ነው። እያንዳንዷ ንብ በቆዳዋ ላይ ያለው የስብ ዓይነት የቤቷ መታወቂያ ወረቀት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሞሪትስ፣ ኪርሽነርና ክሩ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ የእሳት እራት በገላው ላይ በንብ ቆዳ የሚገኙትን አራት ዓይነት የስብ አሲዶች ያንኑ በመሰለ መጠን ይዞ እንደሚገኝ አስረዱ። በእኛ ቋንቋ ስንናገረው፣ ሌባው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሠራተኛ መታወቂያ አሳይቶ ያልፋል፤ ዘበኛውም ወረቀቱን እንጂ ፊቱን አያይም። ለክፉ ቀን ደግሞ ቆዳው ወፍራምና በጠጕር የተሸፈነ ስለ ሆነ ጥቂት ንድፊያ ይችላል። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ይድናል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ንቦቹ ነቅተው ይገድሉታል። ሬሳው ለእነርሱ ከባድ ስለ ሆነ ጎትተው ሊያወጡት አይችሉም፤ ስለዚህ ከዛፍ በሰበሰቡት ሙጫ ይለስኑትና እንዳይሸት አድርገው ከዚያው ይተዉታል። ቀፎውን ሲከፍት ይህን የተገነዘ ሬሳ ያገኘ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም።

በዚሁ ነገር ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረው የስዊስ አገር ሰው ፍራንሷ ኡቤር የጻፈው እጅግ ደስ ያሰኛል። ኡቤር ዓይኑ የማያይ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በረዳቶቹ ዓይን እየተመለከተ ስለ ንብ ጠባይ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የበለጠ አወቀ። በአንድ ወቅት ይህ የእሳት እራት በአካባቢው በዝቶ ቀፎዎቹን በወረረ ጊዜ፣ ንቦቹ ከቀፎው በር ላይ ከሰምና ከሙጫ ግንብ ሠርተው፣ አንዲት ወይም ሁለት ንብ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ እንደ ተዉለት ገለጠ። ጊዜው አልፎ የንቡ ብዛት በጨመረና በሩ በጠበባቸው ጊዜ ደግሞ ግንቡን ራሳቸው አፈረሱት። ከንብ የሚማር ንብ አርቢ ይህን ቢቀዳ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ጩኸቱም ጥቂት ልበል። ነፍሳት ድምፅ የሚያሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ ከክንፍ፣ ወይም እግር ከክንፍ እያፋተጉ ነው፤ ፌንጣን ያስታውሷል። ይህ ግን በአፉ ይጮኻል። ከራሱ ውስጥ ያለው የጉሮሮ ክፍተት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋና ይጨመቃል፤ ንፋሱ ሲገባ አንዲት ቀጭን ሥጋ እያርገበገበ የተቈራረጠ ድምፅ ያሰማል፤ ሲወጣም እንደ ዋሽንት ያፏጫል። ሁለቱ ድምፆች እየተከታተሉ በጣም ፈጥነው ስለሚሄዱ በእኛ ጆሮ አንድ የአይጥ ጩኸት ሆነው ይሰማሉ። አንዳንዶች ይህ ድምፅ አውራዋ ንብ ከምታሰማው ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል ንቦቹን ያደነዝዛቸዋል ብለዋል፤ ግምቱ ያማረ ቢሆንም ማስረጃው አላሳመነኝም። ከእጅ ላይ ሲይዙት መጮኹ ግን የታወቀ ነው፤ አንድ ወፍ ያልጠበቀችው ጩኸት ከአፏ ውስጥ ቢወጣ አንድ ጊዜ መልቀቋ አይቀርም።

አገሩን በተመለከተ፣ ባለ ራስ ቅሉ በመላው አፍሪቃ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ አውሮፓ ይገኛል፤ ከአውሮፓ ብርድ የተነሣ ግን በሰሜን በኩል ክረምቱን ሊያልፍ ስለማይችል፣ በየዓመቱ ከሞቃቱ አገር እየበረረ ይሄዳል። ሁለት የቅርብ ዘመዶቹ ደግሞ በእስያ ይኖራሉ። አንድ ነፍሳት ያውም በሌሊት እንዴት አድርጎ መንገዱን ሳይስት ይጓዛል? በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጀርመን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ14 የእሳት እራቶች ጀርባ ላይ ክብደቷ የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ያህል የሆነ የራዲዮ መሣሪያ አጣብቀው፣ በትንሽ አውሮፕላን ሌሊቱን ተከተሏቸው። ነፍሳቱ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲያመሩ ነፋስ ቢገፋቸውም መሥመራቸውን አልለቀቁም። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ወደ መሬት ዝቅ ይላሉ፤ ከኋላ ሲገፋ ከፍ ይላሉ። አንዳንዶቹን እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሊከተሏቸው ቻሉ። ይህ ርቀት ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ነው። እኛ በዚያ መንገድ በመኪና ስንሄድ ስንት ጊዜ እንደምንቆም አስቡት!

አሁን ወደ ገበሬው ጉዳት እንምጣ፤ ምክንያቱም ከእናንተ መካከል በግብርናው ዘርፍ የሚሠሩ፣ ወይም በየወረዳው ሲዞሩ አቤቱታ የሚቀበሉ ስላሉ ነው። አንድ ጐልማሳ ትል በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ የድንች ተክል ቅጠል አልባ ሊያስቀር ይችላል። ማሳው ውስጥ ገብቶ ይህን ያየ ሰው ደንግጦ መርጫ ይፈልጋል። ነገር ግን ከላይ አስታውሱልኝ ያልኋችሁን አስቡ፤ እናቲቱ እንቍላሏን የምትጥለው አንድ አንዱን ለየብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ማሳ የሚገኘው ትል በጣት የሚቈጠር ነው። የተበላው ተክል የሚታወቀው ደግሞ ከሩቅ ነው፤ ከሥሩም የትሉ ፍግ እንደ ትልልቅ የበርበሬ ዘር ከምር ብሎ ይገኛል። አንድ ልጅ ማለዳ ማሳውን ቢዞር ለቅሞ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ እንቍላላቸውን በትሉ ገላ ላይ እየጣሉ ከውስጥ የሚበሉት ዝንቦች ስላሉ፣ ያልተለቀመውንም እነርሱ ይቀንሱታል። የድንች እውነተኛ ጠላት በክረምት ቅጠሉን በጥቂት ቀን አጥቍሮ የሚያከስለው የሻጋታ በሽታ ነው። ገበሬው ገንዘቡንና ድካሙን ማዋል ያለበት በዚያ ላይ ነው፤ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ በሌሎቹ የሚደከመው በሽታውን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት ነው።

ለአንድ ትል ተብሎ የሚረጨው መድኃኒት ግን ከትሉ ላይ ብቻ አይቀርም። መርጫው በተረጨበት ማሳ ዙሪያ የሚገኘውን አበባ ንብ ትቀስማለች፤ በማሳው ዳር የቆመውን ውኃ ንብ ትጠጣለች። ዛሬ በጎጃም አገር ንብ አርቢዎች ከሚያሰሙት አቤቱታ አንዱና ብርቱው ይህ ነው፤ ጎረቤት በረጨ ማግሥት ንቦቻቸው ከቀፎው ደጃፍ ረግፈው ይገኛሉ። የእሳት እራቱ ማር የሚሰርቀው በጥቂት ጠብታ ነው፤ ያልታሰበበት መርጫ ግን ቀፎውን ባዶ ያስቀራል። ገበሬው በርበሬውን ለማዳን በአንድ እጁ ሲረጭ በሌላው እጁ የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜ ቀፎውና ማሳው የአንድ ቤት ንብረት ናቸውና። መርጨት የግድ ሆኖ ሲገኝ ንብ ከቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ መርጨት፣ ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር የሚያስከፍለው ዋጋ የለም። ይህንንም የሚነግረው ሰው የወረዳው ባለሙያ ነው፤ የእናንተ ወንድም፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ።

ቀፎውን ከሌባው ለመጠበቅም የኡቤር ንቦች ያሳዩን መንገድ ይበቃል። የቀፎው መግቢያ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ሠራተኛዋም ድንጕላውም ይገባሉ፤ ውፍረቱ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጠው ባለ ራስ ቅል ግን ከውጭ ይቀራል። በሣጥን ቀፎ ይህን በእንጨት ቍራጭ ማበጀት ይቻላል። በባህላዊው ቀፎ ደግሞ ሽንቍሩን ሁሉ በእበት መርጎ መግቢያውን በጠባብ ቀዳዳዎች መለወጥ ነው።

በፍኖተ ሰላም በረንዳ ላይ የተውነው መንገደኛችን እስካሁን ጫማውን አንሥቶ እንደ ሆነ ቀስ ብሎ ያውርደው። መብራቱን ያጥፋ፤ ዶሴውን ከነእንግዳው አንሥቶ ከበረንዳው ጠርዝ፣ ጨለማ ካለበት ያኑረው። መጀመሪያ እንግዳው ክንፎቹን ያንቀጠቅጣል፤ ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ለመብረር ደረቱ መሞቅ ስላለበት እንደ ብርድ እየተንዘፈዘፈ ጡንቻውን ያሞቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ከባድ የክንፍ ድምፅ ይሰማል፤ ከዶሴውም ላይ ከክንፉ የረገፈ ቡናማ ብናኝ ብቻ ይቀራል።